የገለባ ድርቆሽ

አዲሱ ማድረቂያ ማሽን ከወልድያ በአይሱዙ ተጭኖ በሚመጣበት ቀን ይታገሱ ከጠዋት ጀምሮ ከፒስታው መንገድ ዳር አልጠፋም። ቁጭ ይልና ይነሳል፤ ተነስቶ እስከ ጠመዝማዛው ይሄዳል፤ ከሩቅ አቧራ ያየ እንደሆነ ይሮጣል፤ የአህያ መንጋ ሆኖ ሲያገኘው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

«እናቱ ይታገሱ ብለው ስም ያወጡለት ጸሎት ቢሆን ነው እንጂ ትንቢትስ አልነበረም» አሉ እትዬ አሰለች ከሼዱ በር ላይ ሆነው። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ሳቁ። እሱ ሰምቷል፤ ግን ለመሳቅም ለመቆጣትም ጊዜ አልነበረውም። ሌላ አቧራ ታይቶት ነበር።

ይታገሱ የላስታ ልጅ ነው። ስምንት ዓመት ፊንላንድ ተቀምጦ የወረቀት ሥራ ተምሯል፤ እኛ ገብስ እንደምናጭድ ደን እያጨዱ ወረቀት በሚያደርጉበት አገር። ለሚሌኒየሙ በዓል መጥቶ ቀረ። ቀረ ይባል እንጂ መቅረቱን ራሱም በቅጡ አላመነበትም። አንዳንድ ቀን ተመልሼ ልሂድ ይላል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ያ ሁሉ የተማርኩት እዚህ ካልሠራ የት ሊሠራ ነው ይላል።

ሼዱ ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ የቆመ የጭቃ ግድግዳ ያለው ባለቆርቆሮ ቤት ነው። አሥራ አንድ ሰዎች፣ ዘጠኙ ሴቶች፣ በማኅበር ተደራጅተው ከገብስ ገለባና ከቃጫ ወረቀት ይሠሩበታል፤ ይታገሱ በባለሙያነት ያግዛቸዋል። ገለባው በአመድ ውሃ ይቀቀላል፤ ይታጠባል፤ በሞተር ይወቀጣል። ልሞ እንደ ሊጥ ሲሆን በገንዳ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ በወንፊት ስስ ሆኖ ይወጣል፤ ያ ሲደርቅ ወረቀት ነው። ሠዓሊዎች ይገዙታል፤ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ይጽፉበታል። ሠሪዎቹ ያንን የተወቀጠ ነገር ሊጥ ነው የሚሉት።

ችግሩ ሊጡ እንደ ስሙ መሆኑ ነው፤ አይቆይም። ሦስት ቀን ካደረ ይሸታል፣ አምስት ቀን ካደረ ይጠቁራል። ገለባውን ለማጠብ ደግሞ ብዙ ውሃ ይፈጃል። ውሃው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሞልቶ ኅዳር ሲገባ ወደ መስኖ ይዞራል። ያኔ የውሃ አባቱ አያ ከፋለ ለወረቀት ሠሪዎቹ የሚሰጧቸው በስምንት ቀን አንድ ቀን ብቻ ነው። ያቺ ቀን የሚሸጥ ያህል ወረቀት አታወጣም፤ ማርያም ወይም ሚካኤል ላይ ከዋለች ደግሞ ውሃው እንዲሁ ያልፋል፤ ገለባ የሚነካ እጅ አይገኝም። እንዲህ እያለ ሼዱ በየዓመቱ ጭር ይላል።

ባለፈው ዓመት ሃያ ስድስት ቀን ጭር አለ። ሠላሳ ቢሞላ ኖሮ ይነጠቁ ነበር። ሼዱን የሰጣቸው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሕግ ነው፤ ሠላሳ ቀን በተከታታይ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ያልተመረተበት ሼድ ተራ ለሚጠብቅ ማኅበር ይሰጣል። ተራ የሚጠብቁት ብሎኬት ሠሪዎች ናቸው። በየሳምንቱ ሰላምታ የሚሰጡ መስለው ይመጣሉ፤ ቤቱን ያያሉ። አንደኛውማ ርዝመቱን በእርምጃ ለክቶ ነው የሄደው።

ማኅበሩ ያጠራቀመውን ለውሃ ታንከር ሊያውለው ወስኖ ነበር። ይታገሱ ነው ያስጣላቸው። «ታንከር የስድስት ቀን ውሃ ነው» አለ በስብሰባው ላይ፤ «ማድረቂያ ግን የሦስት ወር ሊጥ ነው። ውሃ ሲኖር ሊጡን እንሠራለን፣ እናደርቃለን፤ ውሃ ሲጠፋ ደረቁን እየነከርን ወረቀት እናወጣለን።» እጃቸውን አወጡለት፤ ቁጠባው ያልሞላውን በብድር ሞሉት። ያን ቀን የተነሱት አሥራ አንድ እጆች ከዚያ በኋላ ከዓይኑ አልጠፉም። ማሽኑ ካልሠራ ሼዱን የሚያስነጥቃቸው እሱ ነው።

አይሱዙው ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ማሽኑ የሰው ቁመት ያለው የብረት ቁምሳጥን ነው፤ ከታች ማሞቂያ ሽቦ፣ ከኋላ ቬንቲሌተር፣ በመሐል ባለወንፊት መደርደሪያ። ከግድግዳው ጋር ካቆሙት በኋላ ይታገሱ ሰበሰባቸውና ማስረዳት ጀመረ።

«ይህ የፐልፕ ማድረቂያ ይባላል። የማምረት ተለዋዋጭነታችንን ይጨምራል።»

«ምናችንን?» አለች ፋና። ከሁሉም ልጅ እግር እሷ ናት፤ ባለፈው ጥር ነው ያገባችው።

«ተለዋዋጭነታችንን።»

«ኧረ እኛ አልተለዋወጥንም፣ ጋሼ። ይኸው እዚሁ ነን።»

እትዬ አሰለች ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ከወረቀት ሠሪዎቹ ሁሉ የሊጡን ውፍረት በጣታቸው ብቻ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። «ቆይ፣ አንተ ልጅ። ሊጡ ይደርቃል፤ ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ውሃ ይነካውና ይመለሳል። እንዲህ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ እትዬ። እንዲያ ነው።»

«ታዲያ ድርቆሽ ነው አትለንም! እንጀራ ሲተርፍ አድርቀን ለመንገደኛ የምንቋጥረው። ይህን ለማለት ነው እንዴ ስንት ቃል ያባከንከው?»

ከዚያ ወዲያ ፐልፕ ያለ ሰው የለም። ድርቆሽ ሆነ። «ድርቆሹን አስገቢ፣ ድርቆሹን አውጪ።» የሥራው መልክ የገባቸው በዚያች ቃል እንደሆነ ይታገሱን አልጠፋውም፤ ግን ስምንት ዓመት የተማረበት ነገር በአንድ የጓዳ ቃል ማለቁ ከነከነው።

መስከረምና ጥቅምት ሥራ በሥራ ሆነ። ይታገሱ ሊጡን በመጭመቂያ ጠፍጣፋ አድርጎ በመደርደሪያው ላይ ይዘረጋል፤ ሙቀቱን መቶ አሥር ላይ ያደርጋል፤ ጠፍጣፋው እንደ ጣውላ ኳ እስኪል ያደርቃል። ርጥበት ከቀረበት ይሻግታል ብሎ ይፈራል። በየግማሽ ሰዓቱ በሩን ከፍቶ ይነካል፤ ይዘጋል፤ እንደገና ይከፍታል።

«ኢንጂነር» አሉት እትዬ አሰለች አንድ ቀን፣ ከማሽኑ አፍ በሚወጣው ወላፈን ፊታቸውን እየመለሱ፤ «ይህን ያህል እሳት ለምኑ ነው? ድርቆሽ የንፋስ ነው። እሳት ከበላው ቆሎ ይሆናል። ቆሎ ደግሞ ቢዘሩት አይበቅል።»

«እትዬ አሰለች፣ ይህ እኮ እንጀራ አይደለም።»

«አይደለም። እንጀራማ መች እንዲህ ያንገላቱታል።»

የዚያ ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር፤ ሁለት ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። በጠፋ ቀን ማሽኑ ዝም ይላል፤ ትናንት የተወቀጠው ሊጥ ግን አይጠብቅም። አንድ ማክሰኞ ይታገሱ ከላሊበላ ሲመለስ የሼዱ የውጭ ግድግዳ፣ ፀሐይ የሚመታው በኩል፣ ከላይ እስከ ታች ክብ ክብ ነገር ተለጥፎበት አየ። በእያንዳንዱ ክብ ላይ አምስት ጣት ታትሟል። ፋናና እትዬ አሰለች እጅጌያቸውን ሰብስበው የቀረውን ይጠፈጥፋሉ። በዚያው ቅጽበት ቱሪስት የጫነ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀነሰና አንዲት ፈረንጅ በመስኮት ካሜራዋን አወጣች።

ይታገሱ ፊቱ ተቃጠለ። «ምንድን ነው ይህ? ወረቀት ቤት ነው ወይስ ኩበት ቤት?»

«ከሚበላሽ ብለን ነው፣ ጋሼ» አለች ፋና።

«አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ፤ አቧራ ይገባበታል፤ ዝንብ ያርፍበታል! አንሡና ጣሉት።»

«ሲደርቅ ይነሣል» አሉ እትዬ አሰለች፤ የመጨረሻውን እፍኝ ጧ አድርገው ለጠፉት።

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። መብራት በጠፋ ቁጥር እነሱ ይጠፈጥፋሉ፤ እሱ በተቆጣ ቁጥር የደረቀውን ለቅመው በማዳበሪያ ከረጢት ከተው ከዓይኑ ያርቁለታል። የት እንዳደረሱት ጠይቆ አያውቅም። የእሱ ዓይን በማሽኑ በወጣው፣ በጣሪያው ሥር እንደ መጽሐፍ በተደረደረው ጠፍጣፋ ላይ ነበር። አራት መቶ ሲሞላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ተኛ።

ኅዳር አንድ ቀን አያ ከፋለ ውሃውን ወደ መስኖው መለሱት። ይታገሱ «ይመለስ፣ እኛ ድርቆሽ አለን» አላቸው፤ ቃሏ ሳያስበው ነው ያመለጠችው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ጠፍጣፋዎች በርሜል ውስጥ ገቡ።

በማግሥቱ እንደ ገቡ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ዳርዳራቸው ላላ፤ ልባቸው ግን እንደ ጠጠር ነው። ወቅጠው በወንፊት ሲያወጡት ወረቀት መሰለ፤ ደርቆ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ይታገሱ በፍል ውሃ ነከረ። በአመድ ውሃ ነከረ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ወቀጠ። ሚካኤል መጣ፣ ሄደ። ወረቀቱ ቀጭ እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሥራ የፈቱበት ቀን ከኅዳር አንድ ስለሚቆጠር፣ ቀኑን የጠየቀ ሁሉ ስንት እንደቀራቸውም አብሮ ይሰማ ነበር። ብሎኬት ሠሪዎቹ አሁን በየሳምንቱ መምጣታቸውን ትተው በየቀኑ ይመጣሉ።

በጽዮን ማርያም ዕለት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እሱ ብቻውን ከተደረደረው ጠፍጣፋ ፊት ቆሞ ሳለ፣ ነገሩ ትዝ አለው። ተምሮት ነበር። ጭረቱ፣ ሊጡ የተሠራበት ቀጭን ክር፣ በኃይለኛ ሙቀት ከደረቀ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይዘጋል፤ ከዚያ ውሃ ቢያገኝም አይጠጣም። ፈተና ላይ መጥቶለት ሙሉ ማርክ አግኝቶበታል። እዚያ ግን የሚያውቀው የዛፍ ሊጥ ነው፤ ጭረቱ ረጅም፣ ቢጎዳም ተርፎት የሚይዝ። የገለባ ጭረት አጭር ነው፤ የሚተርፈው የለም። እትዬ አሰለች በአንድ የቆሎ ምሳሌ የነገሩትን እሱ በማርክ አውቆት በእጁ አላወቀውም ነበር። ከማሽኑ ጋር የመጣውን መመሪያ ወረወረው፤ መልሶ አነሣው፤ አቧራውን አራገፈ።

ግድግዳው ትዝ ያለው ግን ከዚያም በኋላ አራት ቀን ቆይቶ፣ ዓርብ ዕለት ነው። እየሮጠ ፋና ዘንድ ሄደ።

«ያ የግድግዳው ድርቆሽ፣ ፋና፣ የት ጣላችሁት?»

ፋና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «አልጣልነውም። የተደከመበትን መጣል ነውር ነው ብዬ ቤት ወሰድኩት።»

«ጎሽ! ቤት ነው ያለው?»

«አይ… አማቴ ኩበት መሰላቸው፣ ጋሼ።»

«አነደዱት?»

«ሸጡት። ሰባቱንም ማዳበሪያ፣ ቅዳሜ ገበያ። መርቀውኛል እንኳን፤ ‹እንዲህ ያለ ንጹሕ ኩበት የምትጥል ላም ከየት አገኛችሁ› ብለው።»

በማግሥቱ ኅዳር ሃያ ስድስት፣ ቅዳሜ ነው። ይታገሱ በላሊበላ ገበያ ከኩበት ተራ ገብቶ ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው ይላል፤ እየተጎነበሰ ያነሣል፣ ይሰብራል፣ ያሸታል፣ ያስቀምጣል። ሻጮቹ መጀመሪያ ደንግጠው አዩት፤ ከዚያ አፋቸው ተፈታ።

«ወንድ ልጅ ኩበት ሲያሸት ዘንድሮ አየን።»

«ከፈረንጅ አገር የመጣ ነው አሉ። እዚያ የሚሸት ነገር አጥቶ ይሆናል።»

«ወንድሜ፣ ጨው ነው እንዴ የምትቀምሰው?»

ላብ አጠመቀው። የሚሳቅበት መሆኑን ያውቃል፤ የቀረው አራት ቀን መሆኑንም ያውቃል። «ነጣ ያለ ኩበት ነው የምፈልገው» አለ፤ «ቀላል፤ ሽታ የሌለው።»

አንዲት አሮጊት እጃቸውን አጨበጨቡ። «ያን የማይነድ ኩበት? የጀውሀራ ሻይ ቤት ሂድ፣ ልጄ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሸጠችላትን ሴት ስትረግም ነው የምትውል። ባለቤቱ እኔ ነኝ አትበል ብቻ።»

የጀውሀራ ሻይ ቤት ከመናኸሪያው አጠገብ ነው። ጀውሀራ ከወልድያ መጥታ የከፈተችው፣ ጠዋት ጠዋት ሾፌሮችና ረዳቶች የሚሞሉት ቤት። ይታገሱ ገብቶ ቆመ። ስድስት የታሰሩ ማዳበሪያዎች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ደንበኞች ተቀምጠውባቸዋል።

«ያ ኩበት የእኛ ነው» አለ፤ ምክሩን እንደሰማ ረስቶት።

ጀውሀራ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «የእናንተ! ያ ረቢ፣ በእግሩ መጣልኝ። ወላሂ ኩበት አይደለም፣ ጨርቅ ነው! እሳት ሲነካው ይጠቁራል፣ ይጨሳል፣ ይጠፋል። አንዱን ማዳበሪያ ፈጅቼ ያፈላሁት ሁለት ማንቆርቆሪያ ሻይ ነው። ዓይኔ እስከ ዛሬ ያለቅሳል። ቀሪውን ሰው ይቀመጥበት ብዬ አሰርኩት።»

«ኩበት አይደለም፣ እትዬ ጀውሀራ። ወረቀት ነው።»

ሾፌሮቹ የተቀመጡበትን ዝቅ ብለው አዩ። አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሻዩን ደፋ። ይታገሱ ግን ነገራት፤ ውሃውን፣ ማሽኑን፣ ያበላሸውን፣ ሠላሳውን ቀን። አጣድፎ፣ ከመሐል ጀምሮ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ። ስትሰማው ቆይታ ጣቷን አነሣች።

«ስድስት ማዳበሪያ ኩበት አምጣ። የሚነድ። ስድስቱን ውሰድ።»

ወደ ኩበት ተራ ተመለሰ። ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት እልል አሉ። ስድስት ማዳበሪያ ኩበት በራሱ ትከሻ፣ በስድስት ምልልስ፣ በገበያው መሐል አመላለሰ። በአራተኛው ላይ መሳቃቸውን ትተው መንገድ ይለቁለት ጀመር።

የዚያኑ ቀን ማታ የግድግዳው ድርቆሽ በርሜል ገባ። እሑድ መድኃኔ ዓለምም ነበር፤ ማንም አልነካውም፤ ሲነከር ዋለ። ሰኞ ጠዋት ይታገሱ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ልል ነው። ከላይም ከልቡም ልል ነው፤ በጣቶቹ መሐል ሾልኮ ወጣ። አንዳች ነገር ሊናገር ዞረ፤ እትዬ አሰለች ግን ቀድመው ገንዳውን እየበጠበጡ ነበር። «አትቁም እንጂ፣ አሸዋውን አጥልል። ከግድግዳ የመጣ ነው፣ ጠጠር አለው። አቧራ ይገባበታል ብለህ ተቆጥተህ ነበር፣ ልክ ነበርክ።»

ሰኞ የውሃ ተራቸውም ነበር። ይታገሱ አንድ እጅ አዲስ ሊጥ አስወቀጠና የማሽኑን ማሞቂያ ሽቦ በመፍቻ ፈትቶ አወጣ። ቬንቲሌተሩን ብቻ አስነሣ።

«መቼ እንደሚበቃው በምን ላውቅ?» አለ።

እትዬ አሰለች አንዱን ጠፍጣፋ አንሥተው ጉንጫቸው ላይ አስደገፉ፤ ከዚያ የእሱ ጉንጭ ላይ። «ቀዘቀዘህ?»

«ቀዝቅዞኛል።»

«ገና ነው። መቀዝቀዙን ሲተው አውጣው፤ ኳ እስኪል አትጠብቅ።»

እስከ ማታ አምስት ጠፍጣፋ ብቻ ወጣ፤ ጥቂት ነው፤ ከእያንዳንዱ ቆርሶ ነከረ፤ ሁሉም ተመለሰ።

ረቡዕ ኅዳር ሠላሳ ከጽሕፈት ቤቱ ውባንተ መጣ። ክላሰር የያዘ፣ ጫማውን በየጊዜው የሚያራግፍ ወጣት ነው። ከኋላው የብሎኬት ሠሪዎቹ ሊቀመንበር ሜትር ይዞ ይከተለዋል። መብራት የለም። በሼዱ ውስጥ ግን ከዳር እስከ ዳር በገመድ ላይ ወረቀት ተሰቅሏል።

ውባንተ አንዱን የደረቀ ወረቀት አወረደ። ለሁለት አጠፈው። ለአራት አጠፈው። አሥራ አንዱም ሰው ጆሮውን ሰጠ። ቀጭ የሚል ነገር አልተሰማም። ዘረጋው፤ ወደ ብርሃን ያዘው።

«ማሽኑ ነው የሠራው?»

ሁሉም ይታገሱን አዩት። አዎ ለማለት አንዲት ቃል ነበረች፤ እስከ ምላሱ ጫፍ መጣች። ማሽኑን ያስገዛ እሱ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም ለብድሩ ዋስ ሆኗል። አዎ ቢል ማን ይጠይቀዋል?

«አይደለም» አለ። «ማሽኑ አራት መቶ ጠፍጣፋ አበላሽቷል። ማለት፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ በሙቀት። ሰኞ ሙቀቱን አንሥቼ በንፋስ ብቻ ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል፤ አምስት ጠፍጣፋ አለ፣ አሳይሃለሁ። ይህ ግን የግድግዳው ነው።»

«የምን ግድግዳ?»

«የዚህ ቤት ግድግዳ። የጠፈጠፉት እነሱ ናቸው።»

ውባንተ እስክሪብቶውን ጉንጩ ላይ አሳረፈ። «ግድግዳ በሪፖርት አይገባም፣ አቶ ይታገሱ።»

«ምን ይገባል?»

«ቴክኖሎጂ ይገባል። የማምረት አቅም ይገባል።»

«ወረቀትስ አይገባም?» አሉ እትዬ አሰለች። «ያጠፍከው እኮ ወረቀት ነው።»

ፋና ሳቀች፤ አፏን ያዘች። የብሎኬቱ ሊቀመንበር ሜትሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ውባንተ ክላሰሩን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከዚያ በእጁ የያዘውን ወረቀት ማሽኑ ላይ አንጥፎ መጻፍ ጀመረ። ቀለሙ ገና ሲነካ ተንሰራፋ፤ ፊደሉ እንደ ሸረሪት እግር አወጣ። እሱ ግን ቀስ እያለ፣ ፊደሉን እያተለቀ፣ እስከ መጨረሻው ጻፈና ፈረመበት።

ሊቀመንበሩ በትከሻው ላይ አሻግሮ አየ። «ምን ይላል? ይህ እኮ አይነበብም።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የማነበውም እኔ ነኝ» አለ ውባንተ። «‹በሥራ ላይ ናቸው› ይላል።» ከዚያ ወደ ይታገሱ ዞረ። «ቆጠራው ከነገ እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህን ደግሞ ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችል አድርጋችሁ ሥሩት።»

ሁለቱ ወደ መንገዱ ወረዱ። ሴቶቹ ተቃቅፈው ይጮኻሉ፤ አንዷ እንዲያውም የማሽኑን ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ትመታለች። ይታገሱ ከገንዳው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሦስት ማዳበሪያ ቀርቷል፤ የሚቀጥለው የውሃ ተራ ገና ስድስት ቀን ነው፤ መብራት ነገ ይመጣል፤ ቀለሙ ተንሰራፍቷል። ወረቀቱ ቀለም እንዳያንሰራፋ፣ ሸማኔ ክሩን ለማጠንከር ምን እንደሚቀባው ሊጠይቅ ወደ እትዬ አሰለች ሄደ፤ ደስታቸው እስኪበርድ ግን አልጠበቀም።